ከአውድማው ንፋስ እስከ ሽቦው ጫፍ

በታኅሣሥ መጨረሻ ከጎንደር ወደ ደባርቅ የሚወጣ ሰው አምባ ጊዮርጊስን አልፎ ወደ ዳባት ሲቃረብ በየማሳው ጥግ አውድማ ያያል። በሬዎቹ ገብሱን አበራይተው ጨርሰዋል። አንድ ገበሬ ላይዳውን ይዞ ቆሟል፤ ይጠብቃል። ጉንጩን ወደ ምሥራቅ፣ ቀጥሎ ወደ ሰሜን ያዞራል። ንፋሱ ሲመጣ ገብሱን ወደ ላይ ይበትናል፤ ፍሬው እግሩ ሥር ይወርዳል፣ እብቁ ወደ ጎን ይሄዳል። ንፋሱ አቅጣጫ ሲቀይር እሱም ቦታውን ይቀይራል። ከልክ በላይ ከበረታ ደግሞ ላይዳውን ያስቀምጣል፤ ፍሬውንም ጭምር ይወስድበታልና።

ይህን ሰው ኋላ ላይ እንፈልገዋለን። በወገራና በስሜን ደጋ ንፋስ ለሰው ሥራ ሲሠራ የኖረው በዋናነት እዚሁ አውድማ ላይ ነው። የመብራቱ ታሪክ ግን በሌላ መንገድ ነው የመጣው፤ በናፍጣ በርሜል፣ በወንዝ፣ በመጨረሻም በረጅም ሽቦ። ንፋስና ፀሐይ ወደ ታሪኩ የገቡት ዘግይተው ነው።

እስከ 1928 ዓ.ም.፦ የቀሃ ውሃና የእጅ ወፍጮ

ዐፄ ፋሲል ጎንደርን መናገሻ ያደረጓት በ1628 ዓ.ም. ገደማ ነው። የዘመኑ ግንበኞች ኖራ ማቅለጥ፣ ድልድይ ማቆም፣ ውሃ መምራት ያውቁ ነበር። የፋሲል መዋኛ ዛሬም ጥምቀት ሲደርስ የሚሞላው ከቀሃ ወንዝ በቦይ ተመርቶ በሚመጣ ውሃ ነው። ታዲያ ውሃን እንዲህ የሚያዝ እጅ ንፋስን ወፍጮ ላይ ለምን አላዋለም? በዚያው ዘመን በአውሮፓ የንፋስ ወፍጮ ከተለመደ ብዙ መቶ ዓመታት አልፈውታል።

እኔ የማምነው ምክንያት እንጨትና ድንጋይ ከማጣት ጋር አይያያዝም። እህል መፍጨት የሴት ሥራ ነበር፤ ሌሊት ተነሥታ፣ ድንጋዩ ላይ ተደፍታ፣ ያለ ክፍያ። ግንብ የሚያዙት ሰዎች ያን ድንጋይ ይዘው አያውቁም። ድካሙ የማይሰማው ሰው ደግሞ የሚያቃልል መሣሪያ አያዝም።

ሌሊቱ በጧፍና በምድጃ እሳት አለፈ፤ ላምባ በነጋዴ ጭነት መምጣት ሲጀምር ኩራዝ ተጨመረ። በ1890 ዓ.ም. ገደማ በአዲስ አበባ የዐፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት በጄኔሬተር ሲበራ፣ ጎንደር በ1880 ዓ.ም. ድርቡሽ ካቃጠላት ገና በቅጡ አላገገመችም ነበር። መብራት ወደሷ የመጣው ከጠላት ጋር ነው።

ከ1928 እስከ 1934 ዓ.ም.፦ በርሜሉና መንገዱ

የጣሊያን ጦር ጎንደር የገባው መጋቢት 1928 ዓ.ም. ነው። ከተማዋን «አማራ» ብሎ የሰየመው ግዛት ዋና ከተማ አደረጋት፤ ዛሬ ፒያሳ በምንለው ሰፈር ፖስታ ቤት፣ ሲኒማ፣ የሹማምንት መኖሪያ ሠራ። ሲኒማ ያለ ኤሌክትሪክ አይሠራም፤ ኤሌክትሪኩ የሞተር ነበር፣ ሞተሩም ነዳጅ ይጠጣል።

ከሲኒማው ይልቅ ለዚህ ታሪክ የሚከብደው መንገዱ ነው። የሊማሊሞ ገደል በጠመዝማዛ መንገድ የተቆረጠው በዚያ ዘመን ነበር። ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ጄኔራል ናሲ እጁን ሲሰጥ፣ በምሥራቅ አፍሪካ የመጨረሻው የጣሊያን ምሽግ ጎንደር ላይ ወደቀ። ለከተማዋ የተረፋት አንድ ልማድ ነው፤ መብራት ማለት መኪና የሚያመጣው ነዳጅ ማለት ሆነ። መንገዱ ሲበላሽ ከተማው ይጨልማል። ይህ ቁርኝት ለብዙ ዓመታት ቆየ።

ከ1948 እስከ 1966 ዓ.ም.፦ ጢስ ዓባይ ሲታሰር

በ1948 ዓ.ም. የኢትዮጵያ የኤሌክትሪክ መብራትና ኃይል ባለሥልጣን ተቋቋመ። ሕዝቡ ረጅሙን ስም አልፈለገውም፤ «መብራት ኃይል» ብሎ አሳጠረው፤ መሥሪያ ቤቱ ከዚያ ወዲህ ስንት ጊዜ ስሙን ቢለውጥም አጠራሩ አልለቀቀም። መብራት ኃይል ከመጀመሪያው በሁለት እግር ነው የቆመው። አንደኛው እርስ በርስ በሽቦ የተያያዘው መረብ ነው፤ ሁለተኛው በየክፍለ ሀገሩ ከተማ ለብቻው የሚያጓራ የናፍጣ ሞተር።

በ1956 ዓ.ም. ገደማ ከጣና በታች፣ ዓባይ ጢስ እያለ ከሚወርድበት ፏፏቴ አጠገብ የመጀመሪያው የጢስ ዓባይ ማመንጫ ሥራ ጀመረ። ኃይሉ ከ12 ሜጋዋት በታች ነበር። መጠኑን በቤት ቋንቋ እንየው፦ አንድ የእንጀራ ምጣድ 3 ሺህ 500 ዋት ያህል ይወስዳል፤ ስለዚህ 1 ሜጋዋት ከ280 በላይ ምጣዶችን በአንድ ጊዜ ያግላል። ማመንጫው በዋናነት የታሰበው ለባሕር ዳር የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ነበር፤ ጎንደርን ጨምሮ ለመላው በጌምድር ይበቃል ብሎ ያለመ አልነበረም።

ግን አንድ ነገር ተገለጠ። ዓባይ ከጣና ሲወጣ ዓመቱን ሙሉ ይፈሳል፤ ሐይቁ የክረምቱን ዝናብ ይዞ ለበጋው ያካፍላል። ሐይቅ የተፈጥሮ ማጠራቀሚያ ነው። ይህ ትምህርት ከሃምሳ ዓመት በኋላ ስለ ንፋስ ስናወራ ተመልሶ ይመጣል።

ከ1967 እስከ 1981 ዓ.ም.፦ የሸራ ክንፍና የሚቶ መንደር

ንፋስ በኢትዮጵያ ለማሽን ሥራ ሲውል ቀደም ብሎ ከተጻፈላቸው ሙከራዎች አንዱ ከስሜን ደጋ በጣም ሩቅ፣ በኦሞ ወንዝ ዳር ቆላ ላይ ነው። የአሜሪካ ፕሬስቢቴሪያን ሚሲዮን ለመስኖ ውሃ የሚስቡ የንፋስ ፓምፖችን ተክሎ ነበር። ፒተር ፍራንክል የተባለ እንግሊዛዊ መሐንዲስ በ1960ዎቹ መጨረሻ ስለዚህ ሥራ ዘገባ ጻፈ። ከውጭ የመጣ የብረት ፓምፕ ነበር፤ ከጎኑ ደግሞ የቀርጤስ ደሴት ሰዎች እንደሚሠሩት ክንፉ ከጨርቅ የሆነ፣ እዚያው የተገጣጠመ። የጨርቁ ክንፍ ቢቀደድ ይሰፋል። የብረቱ ጥርስ ቢሰበር ግን መለዋወጫው ባሕር ተሻግሮ መምጣት አለበት። ጥያቄው ከዚያ ወዲህ በየመንደሩ ያው ነው፦ ሲሰበር ማን ይጠግነዋል?

ፀሐይም በዚሁ ዘመን መጣች። በ1977 ዓ.ም. በመካከለኛው የአገሪቱ ክፍል ሚቶ በምትባል መንደር 10.5 ኪሎዋት የሶላር ሰሌዳ ተተከለ፤ ለ300 ያህል ቤቶች መብራት ሰጠ፤ ከአራት ዓመት በኋላም ወደ 30 ኪሎዋት አድጎ ለውሃ ፓምፕና ለወፍጮም ኃይል እንዲሰጥ ተደረገ። ከዋናው መረብ ተነጥሎ አንድ መንደር የራሱ ትንሽ መረብ ኖረው። ወፍጮ መኖሩን ልብ በሉ። መብራት የሚያስደስተው ሁሉንም ነው፤ ወፍጮ ግን የሌሊቱን ድንጋይ ከሴቷ ጉልበት ላይ ያነሣል።

በጎንደር በኩል በዚያ ወቅት የሚወራው የእርስ በርስ ጦርነት ነበርና ሙከራው እዚህ አልደረሰም።

ከ1993 እስከ 2002 ዓ.ም.፦ በፈረቃ የሚበራ ከተማ

የከተማዋ ፍላጎት ጨመረ። ዳሸን ቢራ ፋብሪካ በ1992 ዓ.ም. ገደማ ሥራ ጀመረ፤ ዩኒቨርሲቲው ሰፋ፤ የአንገረብ ግድብን ውሃ ወደ ቤት የሚያወጣው ፓምፕም ኤሌክትሪክ ይፈልጋል። ስለዚህ ጎንደር ላይ መብራት ሲሄድ ብዙ ጊዜ ውሃም ይከተለዋል፤ የጎንደር እናት መብራት ጠፋ ሲባል መጀመሪያ የምታየው ጀሪካኑን ነው።

በ1993 ዓ.ም. ገደማ 73 ሜጋዋት ያለው ሁለተኛው የጢስ ዓባይ ማመንጫ ተጨመረ። ፏፏቴው ቀጠነ፤ ቱሪስት አጉረመረመ። በአገር ደረጃ ግን ሌላ አደጋ ተደቅኖ ነበር። ከሚመነጨው ኤሌክትሪክ ዘጠና በመቶ የሚሆነው የውሃ ነው። ዝናብ ሲያንስ ግድቡ ይጎድላል፤ ግድቡ ሲጎድል ፋብሪካ ይቆማል። በ2000 እና በ2001 ዓ.ም. መብራት በፈረቃ ሆነ። ፀጉር አስተካካዩ ማሽኑን ሰቅሎ በመቀስ ሠራ፣ ዳቦ ቤቱ ሌሊት ሊጡን ይዞ ጠበቀ፣ ጄኔሬተር ያለው ሆቴል በር ላይ «መብራት አለ» ብሎ ጻፈ።

መልሱ በመጀመሪያ ተጨማሪ ውሃ ነበር። ኅዳር 2002 ዓ.ም. የተከዜ ግድብ፣ ከፍታው 188 ሜትር፣ 300 ሜጋዋት ሊያመነጭ ተመረቀ። ተከዜ የስሜንን ተራሮች ዞሮ የሚያልፍ ወንዝ ነው። በዚያው ዓመት ግንቦት የጣና በለስ 460 ሜጋዋት ተከተለ። ቀጥሎ ከባሕር ዳር በጎንደርና በሸኽዲ አድርጎ ሱዳን ገዳሪፍ የሚደርስ 230 ሺህ ቮልት መስመር ተዘረጋ። ትላልቆቹ የብረት ምሰሶዎች በጎንደር ዙሪያ ገጠር ላይ ተሻገሩ። ከሥራቸው ያለው መንደር ብዙው አሁንም በኩራዝ ነበር። ይህ የማንም ተንኮል አይደለም፤ ያን ያህል ቮልት ወደ ቤት ለማውረድ ማከፋፈያ ጣቢያ፣ ትራንስፎርመር፣ ዝቅተኛ መስመር ያስፈልጋል፣ እያንዳንዱም ገንዘብ ነው። ሆኖም ምሰሶው ሥር ቆማ ኩራዝ ለምትጠርግ ልጅ ይህ ማብራሪያ አይገባትም።

ከ2002 እስከ 2007 ዓ.ም.፦ ንፋስ መረቡ ውስጥ ሲገባ

ፈረቃው ያስተማረው ነገር አለ። ውሃ የሚበዛው በክረምት ነው። በአገሪቱ ደጋና ስምጥ ሸለቆ ንፋስ የሚበረታው ደግሞ ከጥቅምት በኋላ፣ ግድቡ መጉደል ሲጀምር ነው። አንዱ ሲደክም ሌላው ይበረታል። አውድማው በታኅሣሥና በጥር የሚበጠረውም ለዚሁ ነው፤ ገበሬው በጋ ንፋስ እንዳለው የሚያውቀው ከማንኛውም የመለኪያ ማማ ቀድሞ ነው።

አዳማ አንድ በ2004 ዓ.ም. 34 ተርባይኖች አቁሞ 51 ሜጋዋት ማመንጨት ጀመረ። ጥቅምት 2006 ዓ.ም. መቀሌ አጠገብ አሸጎዳ በፈረንሳዩ ቬርኜ ኩባንያ ተሠርቶ ተመረቀ፦ 84 ተርባይኖች፣ 120 ሜጋዋት፤ 30ዎቹ ሁለት ክንፍ ብቻ ያላቸው። ግንቦት 2007 ዓ.ም. አዳማ ሁለት 102 ተርባይኖችንና 153 ሜጋዋት ጨመረ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቁም፤ የአዳማን ተርባይኖች በመኪና መስኮት ያየ ብዙ ነው፣ ውስጡን ያየ ጥቂት። ክንፉ ንፋስ ስለገፋው ብቻ አይዞርም። ቅርጹ እንደ አውሮፕላን ክንፍ ነው፤ አየሩ በአንዱ ጎን ሲፈጥን የግፊት ልዩነት ይፈጠርና ክንፉን ወደ ጎን ይስበዋል። ዙሩ ዝግተኛ ነው፣ በደቂቃ ሃያ እንኳ አይሞላም። በአዳማ ሁለት ያን ዝግታ የሚያፈጥን የማርሽ ሳጥን አለ፤ በአዳማ አንድ ግን ማርሽ የለም፣ ክንፉ ራሱ ሰፊውን የማግኔት ጎማ በቀጥታ ያዞራል። ሁለቱ አስተሳሰቦች በአንድ ኮረብታ ላይ ጎን ለጎን ቆመዋል። ማርሽ ያለው በዘይትና በጥርስ ይፈተናል፤ ማርሽ የሌለው በክብደት።

አሁን ወደ አውድማው ሰውዬ እንመለስ። ተርባይኑም ይጠብቃል፤ ንፋሱ በሰከንድ 3 ሜትር ገደማ እስኪደርስ ኤሌክትሪክ አይሰጥም። ራሱን ወደ ንፋሱ ያዞራል። ንፋሱ በሰከንድ 25 ሜትር ሲያልፍ ክንፎቹን አዙሮ ይቆማል፤ ገበሬው ላይዳውን እንደሚያስቀምጠው። ልዩነቱ የሒሳቡ ጭካኔ ነው። የንፋሱ ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር ኃይሉ ስምንት እጥፍ ይሆናል፤ በግማሽ ሲቀንስም አንድ ስምንተኛ ብቻ ይቀራል። ስለዚህ ተርባይን የሚተከልበትን ኮረብታ መሳሳት ማለት ሁሉን መሳሳት ነው። ደግሞም የፊዚክስ ሕግ ከንፋሱ ኃይል ከ59 በመቶ በላይ መውሰድ አይፈቅድም፤ ሁሉንም ቢወስድ አየሩ ከክንፉ ኋላ ቆሞ መንገድ ይዘጋ ነበር።

ለእኛ ደጋ ሌላም ቅናሽ አለ። ደባርቅ 2 ሺህ 850 ሜትር ላይ ናት። እዚያ አየሩ ከባሕር ጠረፍ በሩብ ያህል ስስ ነው፤ ያው ፍጥነት ያለው ንፋስ ደባርቅ ላይ የሚሰጠው ኃይልም በዚያው ልክ ያንሳል። «ስሜን ንፋስ ሞልቷል» የሚል ሰው እውነቱን ነው፤ ግን ግማሹን ነው የነገረን።

በ2004 ዓ.ም. ሃይድሮ ቻይና ለመንግሥት ባዘጋጀው የንፋስና የፀሐይ ማስተር ፕላን ውስጥ በመላ አገሪቱ 51 የንፋስ ቦታዎች ሲመረጡ፣ የጎንደር ምዕራብና የጎንደር ሰሜን ተብለው የተሰየሙ ቦታዎች ተካተውበታል። ከአሸጎዳና ከአዳማ ሁለት በኋላ ግን ተርባይን የቆመው ወደ ጅቡቲ አቅጣጫ ባለችው አይሻና አሰላ አጠገብ ነው። ምክንያቱ ከካርታው ይነበባል። የአሰላ ተርባይን አንድ ክንፍ ከ60 ሜትር በላይ ይረዝማል፤ ከጅቡቲ ወደብ አሰላ ማድረስና ደባርቅ ማድረስ አንድ አይደለም። የጣሊያን ዘመን ሕግ እንደገና ሠራ፦ ኃይል መንገድ ወዳለበት ይሄዳል።

ከ2008 ዓ.ም. ወዲህ፦ ሁለት ዓይነት ቅይጥ

«ሃይብሪድ» ወይም ቅይጥ ሲባል ሰው የሚያስበው አንድ ጣሪያ ላይ ሶላርና ትንሽ የንፋስ ክንፍ ነው። እኔ ግን ትልቁ ቅይጥ የአገሪቱ መረብ ራሱ ነው እላለሁ። አዳማ ላይ ንፋስ ሲነሣ አንድ የግድብ ኦፕሬተር የውሃውን በር በጥቂቱ ይዘጋል። ያልፈሰሰው ውሃ ግድቡ ውስጥ ለነገ ይቀራል። ንፋሱ ሲወድቅ በሩ ይከፈታል። ጎንደር ላይ አምፖሉ አይርገበገብም፤ በሩቅ አገር ውሃና ንፋስ ተራ ሲለዋወጡ ማንም አላየም። ግድቡ ባትሪ ሆኗል፣ ጣና ድሮ ለጢስ ዓባይ እንደነበረው። ታላቁ የህዳሴ ግድብ የካቲት 2014 ዓ.ም. የመጀመሪያውን ኤሌክትሪክ ሲሰጥ፣ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. በ5 ሺህ 150 ሜጋዋት ሲመረቅ፣ ይህ ባትሪ እጅግ ሰፋ።

ትንሹ ቅይጥ ሽቦ ለማይደርስበት ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ጌታቸው በቀለ በ2001 ዓ.ም. ገደማ በስቶክሆልም በሠራው የዶክትሬት ጥናት 200 ቤተሰብ ላለበት መንደር ሶላርን፣ ንፋስን፣ ባትሪንና የናፍጣ መጠባበቂያን አጣምሮ አስልቷል። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ ቀን ፀሐይ ቤቱን ታበራለች፣ ትርፉ ባትሪ ይሞላል፤ ንፋስ ማታም ከመጣ ያግዛል፤ ባትሪው የሚሰጠውን ቀጥተኛ ጅረት ኢንቨርተር ለቤት ዕቃ ወደሚሆን ተለዋዋጭ ጅረት ይቀይራል፤ ሁሉም ሲደክም ናፍጣው ይነሣል። መቆጣጠሪያው ማን መቼ እንደሚሠራ ይወስናል።

በስሜን ደጋ የዚህ ሥርዓት ፈተና ነሐሴ ነው። ጭጋጉ ለቀናት ሲተኛ ሰሌዳው ይደክማል፤ በጋ ላይ የሚፏጨው ንፋስም በክረምት ልቡ የለም። ሁለቱ ጓደኛሞች በአንድ ወር ይታመማሉ። ያኔ የሚፈሰው ውሃ ብቻ ነው፤ ማለትም ወይ በየገደሉ የሚወርድ ጅረት ላይ ትንሽ ተርባይን፣ ወይ ከሩቁ ግድብ የሚመጣ ሽቦ፣ ካልሆነም በርሜል። ሌላው ፈተና ምጣድ ነው። ለአምፖል፣ ለስልክና ለቴሌቪዥን የተሰላ ባትሪ ሦስት ቤቶች አንድ ጠዋት ምጣድ ከሰኩበት ይወድቃል።

ሙከራው ወረቀት ላይ ብቻ አልቀረም። በሰሜን ሸዋ በሬማ መንደርና በአካባቢዋ ከ1999 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ከ2 ሺህ በላይ ቤቶች እያንዳንዳቸው የራሳቸውን ሶላር አገኙ፤ እዚያው ቴክኒሻን ማሠልጠኛም ተከፈተ፤ የኦሞው ጥያቄ መልስ መሆኑ ነው። በ2011 ዓ.ም. የተከለሰው ብሔራዊ የኤሌክትሪፊኬሽን ፕሮግራም በስድስት ዓመት ውስጥ 65 በመቶውን ሕዝብ ከዋናው መረብ፣ 35 በመቶውን ከመረብ ውጭ ለማድረስ አቅዶ ነበር። የንፋስ ፓምፖቹ ከነበሩበት የኦሞ ዳርቻ ብዙም ሳይርቅ በኦሞራቴ የሶላር መንደር መረብ ተተከለ።

ከዚያ ጦርነት መጣ። ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. በኋላ ትግራይ ከዋናው መረብ ስትለይ የአሸጎዳ ክንፎች ለአገሩ ማመንጨት አቆሙ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ግንባሩ ዳባትና ደባርቅ ዳር ደረሰ፤ በ2015 ዓ.ም. ክረምት ደግሞ አማራ ክልል ውስጥ ሌላ ውጊያ ተነሣ። ምሰሶ ሲወድቅ ጠጋኙ የሚሄድበት መንገድ ሰላም መሆን አለበት።

በእነዚህ ዓመታት በገጠሩ የተስፋፋው ትልቁ ማሽን ሳይሆን ትንሹ ነው። ደባርቅ ገበያ ላይ መዳፍ የምታህል የሶላር ሰሌዳ ከነአምፖሏ ከሽንኩርትና ከሳሙና ጎን ተዘርግታ ትሸጣለች። ገዢው ዋት አይጠይቅም። ሰሌዳዋን ወደ ፀሐይ ያዞራል፣ የስልኩን ሽቦ ይሰካል፣ ምልክቱ ሲበራ ዋጋ ይከራከራል። ከዚያ ወደ ወገራ ይመለሳል፤ ሰሌዳዋን ሣር ክዳኑ ላይ አስሮ አውድማው ላይ ይቆማል፤ ስልኩ እየሞላ፣ እሱ ላይዳውን ይዞ ንፋሱን ይጠብቃል።